ሙሉ ሰርቪስ ወይስ የሚያስፈልገው ብቻ? የአንድ ቪትዝ ጉዳይ ከጎንደር

ዝርዝሩ የተጻፈው በካርቶን ቁራጭ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ነገር ይዟል፦ የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የቤንዚን ፊልትሮ፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው)፣ ታይሚንግ ቺንጋ፣ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት፣ የሞተር እጥበት፣ የኢንጀክተር እጥበት፣ ዘይት ማጠንከሪያ፣ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ)፣ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል)። ከሥሩ ድምሩ አለ። ድምሩ ከባለመኪናው የአንድ ወር ደመወዝ ይበልጣል።

ባለመኪናው የአክስቴ ልጅ ነው፤ እዚሁ ጎንደር አስተማሪ ነው። ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል፤ እናቱንም ከደባርቅ ማምጣት አለበት። ስለዚህ መኪናዋን «ሙሉ ሰርቪስ» ሊያስደርጋት ጋራዥ ወሰዳት። እሱ የጠበቀው ዘይትና ፊልትሮ ነበር። የካርቶኑን ፎቶ ላከልኝና «አያ፣ ይኼ ሁሉ ግድ ነው?» አለኝ። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት መኪኖች ስምሪት ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ዘመድ ሁሉ የመኪና ጥያቄውን ወደ እኔ ነው የሚያመጣው።

ጉዳዩን ከነዝርዝሩ ልጽፈው የወደድኩት ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ካርቶን ስለሚሰጠው ነው። የብሩን መጠን ግን አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል።

መኪናዋና መንገዷ

በፈረንጅ 2003 የተሠራች ቪትዝ ናት። ሞተሯ 1000 ሲሲ፣ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ። የገዛት አምና ነው፤ ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ እጅ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ 140 ሺህ ይላል። እኔ አላመንኩትም፤ እሱም አላመነውም። የት የት፣ መቼ፣ በምን ዘይት ሰርቪስ እንደተደረገች የሚናገር አንድም ወረቀት የለም።

ይችን መኪና ሸጦ አዲስ መግዛትም ቀላል አይደለም። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል። ስለዚህ ያለውን ጠብቆ መያዝ ነው ያለው አማራጭ።

አሁን መንገዱን እንይ። ቤቱ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው። ጠዋት ልጆቹን ፒያሳ ያደርሳል። ከዚያ አዘዞ ወርዶ ያስተምራል። ቅዳሜ ገበያ ይወጣል። ከአዘዞው በስተቀር ሁሉም አጭር ጉዞ ነው፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። ኮብልስቶን አለ፣ ዳገት አለ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት አቧራ አለ። በየሁለት ሦስት ወሩ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደባርቅ ይሄዳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደባርቅ ከ2,800 ያልፋል። ሲመለስ ከኮሶዬ ወዲህ ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይኼን የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቶዮታ በአገሩ ባወጣው የጥገና ሠንጠረዥ ለቤንዚን መኪና ዘይት ቀይሩ የሚለው በየ15,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በዓመት ነው። አጠቃቀሙ ከባድ ከሆነ ግን ግማሹን ያደርገዋል፤ 7,500 ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር። ከባድ የሚላቸው ሁኔታዎች ምንድን ናቸው? ሸካራ መንገድ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ጉዞ፣ ከ8 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ተደጋጋሚ አጭር ጉዞ። ሠንጠረዡን ያወጣው ሰው ጎንደርን አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው።

ዝርዝሩ ለምን ረዘመ?

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ካርቶን ሲያይ «ሊያጭበረብሩኝ ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። እዚህ ግን ሌላ ነገር ነበር።

እኛ አገር መካኒክ ገንዘብ የሚያገኘው ሲቀይር ነው። ሲያይ ማንም አይከፍለውም። ጎማ አውልቆ፣ ታምቡር ከፍቶ፣ ሥር ተኝቶ አይቶ «ደህና ነው፣ ምንም የለውም» ካለ፣ ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል። ስለዚህ ሳያይ ይጽፋል። የሚጽፈውም በቀላሉ የሚገኘውንና ከሱቅ ተገዝቶ ትንሽ ትርፍ የሚያስቀረውን ነው። የሚታጠብ ነገር በተለይ ይወደዳል፤ መታጠቡን ማን ያያል?

ማስረጃው እዚያው ካርቶን ላይ ነበር። ታይሚንግ ቺንጋ ይላል። ይቺ ቪትዝ ታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው የጎማ ቀበቶ) የላትም፤ በቺንጋ ፈንታ የብረት ካቴና ነው ያላት። ዝርዝሩን የጻፈው ልጅ ኮፈኑን አልከፈተም ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ይብሳል፦ ከአሥራ ሁለቱ መስመር ውስጥ ፍሬን የሚል የለም። እናቱን ጭኖ ኮሶዬን ለሚወርድ መኪና!

ስለዚህ ጋራዥ መቀየር አላስፈለገም። ጥያቄውን ነው የቀየርነው። ዋናው መካኒክ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ እጃቸው የሚታመን ሰው ናቸው። የአክስቴ ልጅ እንዲህ አላቸው፦

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ከመቀየሩ በፊት አራቱን ጎማ አውልቀው ይዩልኝ። የሚያዩበትን እከፍላለሁ።»

«ለማየት ደግሞ ምን ይከፈላል መምህር?»

«የግማሽ ቀን የእጅ ዋጋዎን ይንገሩኝ።»

ሳቁ። ቢሆንም ዋጋ ተናገሩ። ዋጋው ከካንዴላው እንኳ ያንሳል። በኔ ግምት ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ጥሩ ዋጋ ያወጣችው ብር ይቺ ናት።

ሲታይ የተገኘው

የፊት የፍሬን ሸራ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ደህና ነው። የኋላው ግን ሌላ ታሪክ ነው። የግራው ታምቡር ሲከፈት ውስጡ ረጥቧል። ሸራውን የምትገፋው ትንሿ ሲሊንደር ጎማዋ አልቆ የፍሬን ዘይት ታንጠባጥባለች። ሸራው ዘይት ጠጥቷል። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ በቤንዚን ቢታጠብም ተመልሶ አይይዝም። የፍሬን ዘይቱ ራሱ ጠቁሯል።

ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ኩላንት ሳይሆን ቡናማ ውኃ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ተሰነጣጥቋል። የፊት ግራ ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የምታገናኘው መጋጠሚያ) ላልታለች። የዲናሞው ቺንጋ ተሰነጣጥቋል። የአየር ፊልትሮው መልኩ ጠፍቶ አቧራ ብቻ ሆኗል። የኋላ ጎማዎች ጥርሳቸው አለ፤ ግን ጎናቸው ላይ ያለው የአራት አሐዝ ቁጥር 1214 ይላል። በፈረንጅ 2014፣ 12ኛው ሳምንት ላይ ተሠሩ ማለት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ጥርሱ ሳያልቅም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ከእነዚህ ውስጥ ካርቶኑ ላይ የነበሩት የአየር ፊልትሮውና ኩላንቱ ብቻ ናቸው።

ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ተቀምጠን ተነጋገርን። እኔ የምጠይቀው ሁልጊዜ ሁለት ነገር ነው። ይኼ ባይደረግ ምን ይበላሻል? ከመበላሸቱ በፊትስ ምልክት ይሰጣል ወይ? ምልክት የሚሰጥ ነገር ሊጠበቅ ይችላል። ምልክት ሳይሰጥ ሰው የሚገድል ወይም ሞተር የሚያቃጥል ግን ደመወዝ አይጠበቅለትም።

ፍሬን

እዚህ ላይ ክርክር አልነበረም፤ አንድ ነገር ብቻ። የአክስቴ ልጅ የፈሰሰውን የግራውን ሲሊንደር ብቻ መቀየር ፈለገ። ጋሼ እምቢ አሉ። «የቀኙም እኩያው ነው። ዛሬ ታምቡሩ ተከፍቷል፤ የእጁን ዋጋ አንዴ ትከፍላለህ። በሦስት ወር ከተመለስክ ሁለቴ ነው» አሉት። ልክ ናቸው። ሸራም ቢሆን በአንድ ጎን ብቻ አይቀየርም፤ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

የፍሬን ዘይቱም ሙሉ በሙሉ ተለወጠ። ይኼን ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው አገልግሎት ነው፤ ዘይቱ ካልጎደለ ምን ቸገረኝ ይላል። የፍሬን ዘይት ግን ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከገባበት መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተደጋግሞ ሲያዝ ሙቀቱ ዘይቱ ድረስ ይደርሳል። ከፈላ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። ከተማ ውስጥ ሲነዳ ደህና የነበረ ፍሬን ነው እንዲህ የሚሆነው። ምልክት አይሰጥም የምለው ይኼን ነው። በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር ለእኛ መንገድ ቅንጦት አይደለም። ዋጋውም ከዝርዝሩ ሁሉ ከዝቅተኞቹ ነው።

ዘይት፣ እጥበት፣ ማጠንከሪያ

ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ይቀየራል፤ ያለቀ ነገር ነው። ክርክሩ በየትኛው ዘይት ላይ ነበር። ጋሼ 20/50 ይሁን አሉ (ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ነው የሚናገረው)። «የቆየ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል» የሚል እምነት አላቸው፤ በአገሩ ያሉ መካኒኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም አላቸው። እምነቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዘይት የሚበላ፣ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ሞተር ላይ ወፍራም ዘይት ጭሱን ያቀለዋል። ይቺ መኪና ግን አትጨስም፣ ዘይትም አታጎድልም። ለእንዲህ ዓይነት ትንሽ ሞተር 10/30 ይበቃል። በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ጎንደር ይበርዳል፤ ሞተር ሲነሳ ቀጭኑ ዘይት ቶሎ ይደርሳል። ካቴናዋም የምትኖረው በዘይት ነው። ቆሻሻ ዘይት የለመደች ካቴና ትረዝማለች፣ ጠዋት ሲነሳ ትንጫጫለች። ቺንጋ የለም ተብሎ ዘይት ላይ ከተቀለደ ነገሩ ያው ነው።

በ10/30 ተስማማን። ጋሼ አሁንም ደስ አላላቸውም።

ዘይት ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። የታሸገ ግዙ፣ ማኅተሙን ራሳችሁ ክፈቱ፣ ባዶውን ዕቃ ይዛችሁ ውጡ። ባዶ የዘይት ዕቃ ገዢ አለው፤ ለምን እንደሚገዛው መገመት አይከብድም።

ስንት ጊዜ ይቀየር? በ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስድስት ወር፣ ቀድሞ በደረሰው። ከቶዮታው ከ7,500 ያነሰ ነው፤ የምናገኘው ዘይት ጥራት እንደየሱቁ ስለሚለያይ ትንሽ ማሳጠሩ አይጎዳም። በ3,000 ቀይር የሚለው ግን ለዚህ ሞተር ብር ማፍሰስ ነው።

የሞተር እጥበቱን ሰረዝነው። እጥበት የሚባለው ዘይቱ ሊፈስ ሲል አንድ ፈሳሽ ጨምሮ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ማሠራት ነው። ታሪኩ በሚታወቅ፣ በጊዜው ዘይት በተቀየረለት ሞተር ላይ ምንም የሚያጥበው የለም። ታሪኩ በማይታወቅ አሮጌ ሞተር ላይ ደግሞ ያስፈራል። ለዓመታት የተጋገረው ቆሻሻ ተፈንቅሎ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለችውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ሊደፍናት ይችላል። ዘይት ካልተመጠጠ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቅለታል። ቆሻሻ አለ ብለን ከጠረጠርን የተሻለው መንገድ አሁን ዘይት መቀየር፣ ቀጣዩን ደግሞ በ2,500 ኪሎ ሜትር ቀድሞ መቀየር ነው። ጥሩ ዘይት ራሱ ቀስ እያለ ያጥባል። እንዲያ አደረግን።

ማጠንከሪያው በአንድ ቃል ቀረ። ዘይቱ ፋብሪካ ውስጥ የሚያስፈልገው ሁሉ ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። ያንን ወፍራም ነገር በዋናነት የሚወደው መኪናውን ሊሸጥ ያሰበና ጭሱን መደበቅ የፈለገ ሰው ነው።

የራዲያተር ክዳን

ከዝርዝሩ ሁሉ ደስ ያለኝ ይኼ ነው፤ ትንሽ ላብራራው።

በባሕር ጠለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ጎንደር ከፍታዋ ስላለ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሽሮ የሚሠራ ሁሉ ባያስተውለውም እውነቱ ይኼ ነው። ሞተር በጤናው ሲሠራ የውኃው ሙቀት ከዚያው አካባቢ ነው። ታዲያ ለምን አይፈላም? ክዳኑ ስለሚያፍነው ነው። በቶዮታ ክዳን ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። ጤነኛ ክዳን ካለ ውኃው እዚህ ከፍታ ላይም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ግን ግፊቱ ይወጣል። ያኔ መኪናው ዳገት ላይ ማፍላት ይጀምራል። ባለመኪናው ራዲያተር ያስጠግናል፣ ቴርሞስታት ያስነቅላል፣ አንዳንዱም ቴስታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያስከፍታል። ጥፋቱ ግን የክዳን ነው። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሆኑት አንዱ ነው።

ክዳኑ ተቀየረ። ቡናማው ውኃ ፈስሶ፣ ንጹሕ ውኃ ገብቶ፣ እንደገና ፈስሶ፣ ኩላንት ተሞላ። «በኩላንት ፈንታ ውኃ ቢሆንስ? ኩላንት ለበረዶ አገር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ኩላንት መቀዝቀዝን ብቻ አይደለም የሚከላከለው። የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ከሁሉም በላይ ዝገት ይከላከላል። የዚች መኪና ቴስታ አልሙኒየም ነው። ተራ ውኃ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ያ ቡናማ መልክ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? የወፈረውን ኩላንት ለማቅጠን ደግሞ የቧንቧ ውኃ ሳይሆን የባትሪ ውኃ (የተጣራውን ውኃ፣ አሲዱን አይደለም) ተጠቀሙ። ሁለት ሦስት ዓመት ይበቃዋል።

ካምቢዮ

እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ሐሳብ ትሰማላችሁ። አንዱ «ያልተነካ ካምቢዮ አትንካ» ይላል። ሌላው በማሽን አስወጥተህ አጥበህ ሙሉ በሙሉ ቀይር ይላል። ካርቶኑ የያዘው ሁለተኛውን ነው፤ ከድምሩም ትልቁን ድርሻ የወሰደው እሱ ነበር።

መጀመሪያ መለኪያዋን አውጥተን አየን። ዘይቱ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ስናደርገው ብናኝ ብረት የለበትም። ሽታውም የተቃጠለ አይደለም። ማርሹ ሲቀየር አይመታም፣ አይዘገይም። ይኼ ካምቢዮ ጤነኛ ነው፤ ዘይቱ ብቻ አርጅቷል።

ማሽኑን ተውነው። ከሥር ያለውን ቡሎን ፈትቶ የሚወርደውን ያህል ማውረድ፣ በልኩ መሙላት፤ በቃ። በዚህ መንገድ የሚቀየረው ሁሉም አይደለም። በዓመቱ አንዴ ሲደገም አብዛኛው ይታደሳል፤ ለካምቢዮውም ድንገተኛ ነገር አይደለም። ዋናው ቁም ነገር የዘይቱ ዓይነት ነው። የዚህ ካምቢዮ ዘይት ቲ-ፎር የሚባለው ነው። በፈረንጅ ከ2005 ወዲህ የመጡት ቪትዞች ብዙዎቹ ደግሞ በደረጃ የሚቀየር ማርሽ የሌለው ሲቪቲ ካምቢዮ ያላቸው ናቸው፤ ዘይታቸው ፈጽሞ ሌላ ነው። የሲቪቲውን ካምቢዮ በተራ የካምቢዮ ዘይት መሙላት መግደል ነው። «ቪትዝ ነው» ብቻ ብላችሁ ዘይት አትግዙ።

ይኼ ሥራ ግን ለጥምቀት አይደርስም ብለን ለየካቲት አቆየነው። ካምቢዮው አልታመመም፤ ሊጠበቅ ይችላል። ፍሬኑ ነበር የማይጠብቀው።

የቀሩት

የአየር ፊልትሮ ተቀየረ። በአቧራው ወራት አዲሱን በየጊዜው አውጥቶ ማየት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ማስነፋት ይበቃል። ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ አቧራው ወረቀቱ ውስጥ ይሰነቀራል።

ካንዴላዎቹን አስወጥተን አየናቸው። ጫፋቸው ቀለል ያለ ቡኒ ነው፤ ጥቀርሻም ዘይትም የለም። ተመልሰው ገቡ። ሚኒሞው (ቆማ ስትሠራ ያለው የሞተር ዙር) ስላልተንቀጠቀጠና የቤንዚን ፍጆታዋ ስላልጨመረ ቤንዚን የሚረጨው የኢንጀክተሩም እጥበት ቀረ። የቤንዚን ፊልትሮው ታንከር ውስጥ ከፓምፑ ጋር ነው ያለው፤ የኋላ ወንበር ተነስቶ ነው የሚሠራው። ምልክት ከሌለ አይነካም ብዬ ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ማደያ ላይ ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ከጀሪካን ቀድቶ እንደነበር ነገረን። ያ ነገሩን ትንሽ ይለውጠዋል። ዳገት ላይ መጎተት ካቃታት መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው፤ ለአሁኑ ግን ተዘለለ።

ታይሚንግ ቺንጋው የለም ብያለሁ። ነገር ግን ይኼን አንብባችሁ «ቺንጋ ማጭበርበሪያ ነው» እንዳትሉ። አጎቴ ፋይቭ ኤል ሞተር ያለው አባዱላ ሚኒባስ አላቸው፤ ናፍጣ ነው። እሱ ላይ ታይሚንግ ቺንጋ አለ። 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፣ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። በእሱ መኪና ላይ ደመወዝ ተበድሮም የሚቀየር ነገር ነው። እዚህ ቪትዝ ላይ የተቀየረው የተሰነጠቀው የዲናሞ ቺንጋ ብቻ ነው።

አላይመንቱ ይፈለግ ነበር፤ ግን ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል አይደለም። ላልታ ያለች ቴስቲና ሳትቀየር አላይመንት ማስደረግ በከንቱ ነው። ማሽኑ ላይ ልክ የመጣው ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ይጠፋል። መጀመሪያ ቴስቲናዋ ተቀየረች፤ በማግስቱ አላይመንት ተደረገ።

ሒሳቡ

ጠቅላላው የከፈለው ከመጀመሪያው ድምር ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ብዙ አተረፍን ብዬ አልፎክርም። ብሩ ያን ያህል አልቀነሰም፤ የሄደበት ቦታ ነው የተለወጠው። በእጥበትና በማሽን የሚያልቀው ወደ ፍሬን፣ ወደ ክዳን፣ ወደ ቴስቲና ሄደ።

ሲቪላቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ጋሼ አንድ ነገር ተናገሩ። ወጣቱን ልጅ ጠርተው «ከዛሬ ጀምሮ ኮፈን ሳትከፍት ካርቶን እንዳትነካ» አሉት። ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፋ። አዘንኩለት፤ ማንም ያላስተማረውን ነው የተጠየቀው።

የአክስቴ ልጅ አንድ ደብተር ገዝቶ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጧል። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተቀየረው፣ የዘይቱ ዓይነት፣ የከፈለው። ቢሸጣትም ይኼ ደብተር ከቆጣሪው ይልቅ ይታመናል። በዚያ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ የቀሩት ሦስት ነገሮች ተጽፈዋል፦ በ2,500 ኪሎ ሜትር ዘይት፣ በየካቲት ካምቢዮ፣ እና ሁለት የኋላ ጎማ።

ጎማው ላይ ገና አልተስማማንም። እሱ «ጥርስ አለው፣ ክረምት ይድረስ» ይላል። እኔ የደረቀ ጎማ ቁልቁለት ላይ ሰው ጭኖ አይሞከርም እላለሁ። አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ያለ ጓደኛው ዋጋ እንዲያጣራለት ነግሮታል። እስኪገዛ ድረስ መኪናዋ ከተማ ውስጥና አዘዞ ብቻ ነው የምትሄደው። እናቱንም ለጥምቀት በሕዝብ ሚኒባስ ሄዶ ነው ያመጣቸው።